ምንጣፉን አንሳው

መኪና ሊገዙ ሄደው የራሳቸውን መልክ ኮፈኑ ላይ አይተው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። አብለጨለጨ፣ ገዛን፣ አለቀ! ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትዕግሥት የለኝም። ጡረታ የወጣችው ጎረቤቴ አዋላጇ አሮጌዋን መኪና ስትገዛ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁና እፈሩ።

ሻጩ አርባ ዓመት የነዳት የመሬት ቀያሽ ነው። "ማለዳ እመጣለሁ፤ ሞተሩን ቀድመህ እንዳታሞቀው" አለችው። ሄደችና ኮፈኑን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ከቦርሳዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? የፅንስ ልብ ስታዳምጥበት የኖረችውን የእንጨት ቀንድ! ሞተሩ ሲነሳ የቀንዱን ሰፊ አፍ ሞተሩ አናት ላይ አሳርፋ፣ በሌላው ጫፍ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"እንዴት ነች?" አለ ቀያሹ ሳቁን እየዋጠ።

"ሦስተኛው ቫልቭ ያነክሳል። ሌላው ጤነኛ ነው።"

ሰውዬው ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የሦስተኛውን ቫልቭ ነገር ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ሁለት በር፣ ክብ መብራት፣ የወተት ቀለም ያላት መኪና ናት። አዋላጇ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በምትኖርበት ግቢ አቁማ፣ ቫልቩን አሠራች፤ ካንዴላ በተቀየረ፣ ዘይት በፈሰሰ ቁጥር እንደ ወሊድ መዝገብ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሁኔታውን ደብተር ላይ አሰፈረች። አንድ መስመር አልዘለለችም። ስንቱ አለቃ ነው ከእሷ እኩል መዝገብ የሚይዘው?

ወንድምየው ግን አልወደዳትም። "እታለም፣ ይቺ ውዳቂ ብረት ግቢዬን ያዘችብኝ።"

"ግቢያችንን።"

"ግቢያችንን፣ እሺ። ያለ ኢንሹራንስ መንገድ አትወጣም። ለዚህች ጥርስ አልባ አሮጊት ደግሞ ማን ኢንሹራንስ ይሰጣል? እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሽ ብረት ገዥውን እጠራለሁ።"

"ጥራው" አለች። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ኢንሹራንሶቹ ተራ በተራ በሩን ዘጉባት። ሰውን በዕድሜው የሚንቅ ቢሮ መኪናን ባይንቅ ነበር የሚገርመው! አንዱ ብቻ፣ "ገማች ልከን እናያታለን፤ አካሏ ጤነኛ ከሆነ ዋጋዋን ተስማምተን ሙሉ ዋስትና እንሰጣለን" አለ።

ለገማቹ ልታሰናዳት ሽፋኗን ስትገልጥ ነው ጉዱ የመጣው። በዝናቡ ወራት ብርድ እንዳይነካት ብላ በወፍራም ላስቲክ ጥቅልል አድርጋ፣ ዙሪያዋን በገመድ አስራት ነበር፤ ልክ እንደ አራስ ልጅ። ላስቲኩ ሲነሳ የእርጥበት ሽታ ግቢውን ሞላው። የሾፌሩን ምንጣፍ አንስታ ወለሉን በካቻቢቴ ነካ ስታደርገው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ዝገት።

ቁጭ አለች። "ዕድሜ ልኬን እናቶችን 'ልጁን አታፍኑት' ስል ኖሬ፣ እኔው አፈንኳት" አለች።

የሰፈሩ በያጅ ተጠራ። ገና ሳይጎነበስ መፍትሔው ምላሱ ላይ ነበር። "እትዬ፣ ስቱኮ እንሙላበት፣ ጥቁር ቀለም እንቀባው፣ ምንጣፍ እናልብሰው። ማን ያያል?"

"እኔ አይቻለሁ።"

ወንድምየው እንኳ አዘነላት መሰለኝ። "ገማቹ እኮ አንቺ ካዋለድሻቸው ነው አሉ። አስታውሺዋ!"

"አዋልጄው ይሆናል። ለሱ ደመወዜን በልቻለሁ።"

ይህችን ንግግር አስቀርጬ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ብሰቅላት እንዴት ደስ ባለኝ!

ገማቹ መጣ። ዞራት፤ በሯን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ደብተሯን አገላብጦ ተደነቀ። "እማማ፣ እንደ አዲስ ናት" ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ። ዝም ብትል ሁሉም በዚያው ባለቀ።

"እማማን ተውና ሥራህን ሥራ። ምንጣፉን አንሳው።"

አነሳው። ቀዳዳውን አየ። "እኔ እኮ ልፈርም ነበር!" አለ፣ እንደ መቆጣትም እንደ ማፈርም እያለ። "አሁን ካየሁ አልችልም። አሠርተው ይምጡ።"

ወሩ ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

በያጁ ባትሪውን ፈታ፣ ወንበሮቹን አወጣ። ዝገቱ ላይ ላሜራ ሊለጥፍ ሲል እጁን ያዘችው። "ቁስል ሲጠረግ እስከ ጤነኛው ሥጋ ነው። ቁረጠው።" ቆረጠ። "ገና ነው። ጨምር።" የቀንዷን ጫፍ ብረቱ ላይ እያንኳኳች ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ አስቆረጠችው። ሰውዬው ልቡ ውልቅ አለ፤ በስድስተኛው ቀን ግን አዲሱን ላሜራ በይዶ ሲጨርስ፣ ሥራውን ራሱ ደጋግሞ ያይ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አዋላጇ መኪናዋን በበያጁ ተጎታች ላይ አስጭና ኢንሹራንሱ ደጅ አቆመቻት። ገባችና ገማቹ ጠረጴዛ ላይ ከረጢት ዘረገፈች። የዛጉ ብረቶች ኮሽ ብለው ወረቀቱ ላይ ወደቁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ከውስጧ የወጣው። እንግዴ ልጅ ሲወጣ ዘርግቼ ሙሉ መሆኑን ሳላይ እናትየውን ትቼ ሄጄ አላውቅም። የጎደለ ካለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ የቀረው ነው የሚገድል።" ከደብተሯ መሐል የወለሉን ቅርጽ የሳለችበትን ትልቅ ወረቀት አወጣች። "ገጣጥመው።"

ጎልማሳው ሰውዬ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ሥራ ፈቶ የሚያየው ቢሮ ሁሉ እያንሾካሾከበት፣ አምስቱን ቁራጭ አንድ በአንድ ሥዕሉ ላይ ገጠማቸው። አንድም ክፍተት አልተረፈም። ከዚያ ወጥቶ አዲሱን ወለል አየና በተስማሙበት ዋጋ ፈረመ።

አዋላጇ ቁርጥራጮቹን ወደ ከረጢቱ መልሳ፣ በዚያው መኪናዋን አስነስታ፣ ራሷ ነድታ ግቢ ገባች። ወንድምየው ደረጃው ላይ ቆሟል።

"ብረት ገዥው ነገ እመጣለሁ ብሎኛል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አዋላጇ ወረደች፤ ሁለቱንም መስኮት ጣት የምታሳልፍ ያህል ክፍት ትታ በሩን ዘጋች፤ ከረጢቱን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ባዶ እጁን እንዳይመለስ። ብረቱ ይኸውልህ፤ ስጠው።"