አባባ ሥዕሌን ሊያዩ የመጡ ዕለት

ባለፈው መስከረም ደብረ ማርቆስ ላይ የወጣት ሠዓልያን አውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበርና፣ የድሮ የሥዕል መምህርት ናት ተብዬ እኔም ተጠራሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በዝግታ ነው የዞርኩት። በዝግታ መዞር ደግሞ ለሥዕል ጥሩ ነው። አንዱ ወጣት የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀለም እየነከረ ሸራ ላይ አትሞ፣ አንድም ዛፍ ሳይሥል ጫካ አቁሟል። ሌላው ከጨሞጋ ወንዝ የለቀማቸውን ጠጠሮች ከመብራት ሥር ደርድሮ ጥላቸውን ግድግዳ ላይ አሳርፎታል። አንዲት ልጅ ደግሞ ትልቅ ሸራ ከዳር እስከ ዳር በቢጫና በነጭ ብቻ ሞልታ፣ ከፊቱ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እናቴ ከገጠር እየመጣች ነው፣ እትዬ። ይሄ ምንድን ነው ብትለኝ ምን እላታለሁ?"

ሳቄ መጣ። በሷ አልነበረም የሳቅኩት። እኔም በሷ ዕድሜ፣ በዚሁ ከተማ፣ እንዲሁ ከራሴ ሥዕል ፊት ቆሜ አባቴን ጠብቄ አውቃለሁ።

አባባ ቄስ አየነው ይባሉ ነበር። ከዲማ ወዲያ ባለች ትንሽ የገጠር ደብር ይቀድሳሉ፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ጤፍና ስንዴያቸውን ያርሳሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ንባቤን ትቼ በብራናው ጠርዝ ላይ ያለውን ሐረግ በከሰል ስገለብጥ ባገኙኝ ጊዜ እንኳ አልተቆጡኝም። "ይቺስ እጅ ተሰጥቷታል" ብለው ለእናቴ ሲነግሯት ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አድጌ አዲስ አበባ ሥዕል ልማር ስል ዘመድ ሁሉ አጉረመረመ። ሴት ልጅ ያን ያህል አገር አቋርጣ ለቀለም? አባባ ግን መርቀው ላኩኝ።

የላኩኝ አንድ ነገር አስበው ነው። ደብራቸው አዲስ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን እያሠራች ነበር። ግድግዳው የሚሣልበት ጊዜ ሲደርስ ሠዓሊ ከሩቅ አገር ከሚመጣ፣ የቄስ አየነው ልጅ ትሥለዋለች ብለው ለሰበካው ሽማግሎች ቃል ሰጥተዋል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ያወቅኩት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ሰው መሣል ቀስ በቀስ ተወኝ። ትቼው አይደለም፤ ተወኝ ማለት ይሻላል። ሰው አስቀምጠን ስንሥል ዐይኔ ከሰውየው ፊት ይልቅ ትከሻው ላይ ወዳረፈው ብርሃን ይሄዳል። ሌት ሲነጋጋ የማልመው የልጅነቴን ማለዳ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ሜዳው በጉም ተውጦ፣ ላም ከድንጋይ ሳይለይ፣ ብርሃን ብቻ ከምሥራቅ በኩል ቀስ እያለ የሚፈስበትን ሰዓት። ያንን ነበር የምፈልገው። ሰው ያለበት ሥዕል ሁሉ ያንን ሰዓት የሚያሳልፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

ተመርቀን በወጣን ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ ትልቅ የሥዕልና የዕደ ጥበብ ትርዒት ሊዘጋጅ ነው ሲባል፣ ከክፍል ጓደኛዬ ከሙሉቀን ጋር ተመዘገብን። ሙሉቀን ከመጠጥ ቤት ጓሮ የሰበሰበውን የጠርሙስ ስባሪ፣ አረንጓዴውን ካረንጓዴ፣ ቡናማውን ከቡናማ እየለየ ስለቱን ይሞርድና በክር አንጠልጥሎ ፀሐይ ያሳልፍበታል። በዚያን ጊዜ ጓደኛዬ ብቻ ነበር። በኋላ ባሌ ሆነ።

ከመሄዳችን በፊት ለአባባ መንገር አለብኝ ብዬ በቀጠሮ ቢቸና ስልክ ቤት አስጠራኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ነው ያነሱት።

"ምን ምን ሣልሽ፣ ልጄ?"

"የብርሃን ሥዕል ነው፣ አባባ። ግን ሰው የለበትም፣ እርስዎ እንደሚያስቡት…"

"ብርሃን?" መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ ከብርሃን በቀር የሰሙት የለም። "ብርሃነ ታቦር! ደብረ ታቦርን ሣልሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!"

"አይደለም አባባ፣ ይስሙኝ…"

ተቋረጠ። እንደገና ብደውል የስልክ ቤቱ ሰው "ቄሱማ እየዘመሩ ወጡ" አለኝ።

በማግስቱ ሥዕሎቻችንን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወጣን። ዓባይ በረሃን ወርደን ደጀን ስንወጣ ቅዝቃዜው እንደ ውሃ ተቀበለን። መኪናው እዚያ ያርፋልና የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝተን፣ እጃችን እየተቃጠለ በላን። ከደጀን እስከ ማርቆስ መንገዱ ግራና ቀኙ አደይ አበባ ነው፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ የታጠበ። ሙሉቀን መስኮቱን ከፍቶ "ተመልከች፣ ተመልከች" ይለኛል። እኔ የማየው አባባን ነው። እየዘመሩ ከስልክ ቤት ሲወጡ።

አዳራሹ በሁለት ተከፍሏል። ባንዱ ወገን ሸማኔዎች፣ ቀርከሃ ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች፤ በሌላው ወገን እኛ። ከጎናችን ደሳለኝ የሚባል የጉንደ ወይን ልጅ አለ። ከመርጌታ አጎቱ የተማረ፣ ቅዱሳንን አሳምሮ የሚሥል፣ ረጋ ያለ ሰው። የሱ ቦታ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋውም። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ትንሽ ይቆምና አንገቱን አጋድሎ ይሄዳል። ሙሉቀን "ቆመዋል እኮ" ይለኛል ሊያጽናናኝ።

በሦስተኛው ቀን በመስኮት ሳይ አባባ በመንገዱ እየመጡ ነው። ብቻቸውን አይደሉም። ነጭ ጥምጥማቸው ከፊት፣ ከኋላ ጃንጥላና ከዘራ የያዙ የደብሩ ሽማግሎች፣ ከነሱ ኋላ አንዲት መነኩሲት። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። አንዱ በአገልግል ስንቅ ተሸክሟል።

"ሙሉቀን፣ አለቀልኝ" አልኩ።

የስልኩን ነገር ደሳለኝም ሰምቶ ነበርና ምንም ሳይናገር ከግድግዳው ላይ አንድ የደብረ ታቦር ሥዕል አውርዶ አቀበለኝ። "ስቀዪው። እኔ ምንም አልልም፤ ሲሄዱ ትመልሺልኛለሽ።"

ተቀበልኩት። ጥሩ ሥዕል ነበር። እኛ ግድግዳ ላይም አንድ ባዶ ሚስማር ነበር። ያን አፍታ መቼም አልረሳውም፤ የሰው ሥዕል በእጄ ይዤ፣ በደረጃው ላይ የአባቴን ሳል እየሰማሁ። ብሰቅለው አባባ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፤ ሽማግሎቹም ያከብሯቸዋል። ግን ፊደል ያስቆጠረ ሰው የልጁን እጅ ያውቃል። ባያውቁትስ? ባያውቁት ይብሳል፤ ዕድሜዬን ሙሉ የማያውቁኝ ሰው ሊሆኑ ነው። ለደሳለኝ መለስኩለት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ይቅር" አልኩት።

ገቡ። መስቀል ተሳለምኩ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን ሳሙኝ። አባባ ጠጅ የቀመሰ ሰው ይመስል ፊታቸው በርቷል።

"እንግዲህ አሳዪን" አሉ።

በእጄ አመለከትኩ። ጉሙን፣ ቢጫውን፣ በዝናብ ማግስት ያለውን ሰማይ። ትልልቅ ሸራዎች፣ ሰውም፣ ተራራም፣ መስቀልም የሌለባቸው።

ሽማግሎቹ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ዞሩ።

የሰበካው ጉባኤ ሰው አያ ጫኔ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያስከፉኝም አላሰቡ። ጠጋ ብለው አዩና "ይሄማ ገና አልተሣለም" አሉ። "መደቡን ቀብታ ነው። ሥዕሉ መቼ ነው የሚጀመር?"

ከኋላ የቆሙ የከተማ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። መነኩሲቷ እማሆይ ግን ሳቁን ትተው ወደ ቢጫው ሥዕል ሄዱና ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ "ለማንኛውም" ብለው አማትበው የሸራውን ጠርዝ ተሳለሙት።

እኔ አባባን ነው የማየው። በመስኮቱ በኩል ቆመዋል። በሙሉቀን ስባሪ ጠርሙስ ያለፈችው ፀሐይ ጥምጥማቸው ላይ አረንጓዴና ማር የመሰለ ቀለም አሳርፋለች፤ እሳቸው አላወቁም። የበራው ፊታቸው ከስሟል። ሸራውን አዩት፤ ሽማግሎቹን አዩ፤ የሚስቁትን ልጆች አዩ። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"ጫኔ" አሉ፣ "ብርሃን መቼ ተፈጠረ?"

"እሁድ ነዋ፣ አባ! ይሄን ማን ያጣዋል?"

"ሰውስ?"

"ሰውማ ዓርብ።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ልጄ ገና እሁድ ላይ ናት።"

አያ ጫኔ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "እሰይ፣ አባ! እንግዲያማ ዓርብ ስትደርስ ይጥሩን!" አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነው። የከተማ ልጆቹ እንኳ ቀረብ ብለው ሥዕሎቹን እንደገና ማየት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን "እሁድ ላይ ናት" ሲለው ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሎቹ ገበያ ሲወጡ እኔና አባባ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ስንቁን ፈትተው ድፎ ዳቦና ማር አወጡ። ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያ ነው የጠየቁኝ።

"ደብረ ታቦር ነው አላልሽኝም?"

"አላልኩም፣ አባባ። ሰው የለበትም ስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ወጥተዋል።"

"ሰው መሣል አይሆንልሽም?"

"ይሆንልኛል።"

"ታዲያ?"

ስለ ማለዳው ነገርኳቸው፤ ከቅዳሴ ስንመለስ ስላለው ጉም፣ ስለዚያ ፈሰስ ስለሚለው ብርሃን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፍርፋሪውን ከጋቢያቸው ላይ አራገፉ።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። አልገባኝም። ቅር ብሎኛልም። ለደብሩ ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ግድግዳውን ልጄ ትሥለዋለች ብዬ። የመጡት ሊያዩሽ ብቻ አይደለም።"

የሽማግሎቹ የክት ልብስ፣ ያ ሁሉ መንገድ አሁን ነው የገባኝ።

"ልሞክር ይሆን?" አልኩ። ከልቤ ነበር።

"እንዲህስ አይሆንም" አሉ። "ለኔ ብለሽ የሣልሽው ሥዕል ፊት ሰው እንዴት ይጸልያል? ቃሉን የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ያ ጎረቤትሽ ግን… የማን ልጅ ነው እሱ?"

ቤተ ክርስቲያኑን የሣለው ደሳለኝ ነው። አባባ ራሳቸው ክንዱን ይዘው ከሽማግሎቹ ጋር አገናኙት። በዓመቱ ሄጄ አየሁት፤ ያማረ ሥራ ነበር። ቅናት አልያዘኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ትንሽ ነው፣ ቶሎም ለቀቀኝ።

ሲሄዱ የጉሙን ሥዕል ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። በጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሰው አቅፈውት አውቶቡስ ገቡ። ቤታቸው ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንግዳ ሁሉ "ምንድን ነው?" ይላል፤ እሳቸው "የልጄ ነው" ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም ነበር አለችኝ እናቴ። እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ አልወረደም።

ወደውት እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ድሮ ይህ ይቆጨኝ ነበር፤ አሁን ያን ያህል አይደለም። ዕድሜዬ እሳቸው በዚያን ጊዜ ከነበሩበት ሲያልፍ የማሰላስለው ሌላ ነገር ሆኗል፤ የነገሩን ቅደም ተከተል። አባባ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልገባቸው ብዙ ነገር ነበር፤ ተሸማቀውም ነበር፤ ሊጠይቁኝ የሚገባም ሞልቷል። ግን መጀመሪያ ከጎኔ ቆሙ። የጠየቁኝ በኋላ ነው፣ ለብቻችን፣ ዳቦ ቆርሰው ከሰጡኝ በኋላ።

እኔ ይህ አይሳካልኝም። እኔ ጠያቂ ነኝ። ልጆቼ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ባለፈው ወር ታላቁ ልጃችን ቤት መጣና፣ ያን ያህል የደከመበትን የምሕንድስና ሥራ ትቶ ጉንደ ወይን አጠገብ ንብ ሊያነብ እንደሆነ ነገረን። ቀፎዎቹንም አስቀምጧል። ሙሉቀን ዞር ብሎ አየኝ። ጥያቄው ሁሉ አፌ ላይ ተሰልፏል፤ ለምን፣ እንዴት፣ በማን ምክር፣ ያ ሁሉ ትምህርትስ? ልጄ ትከሻውን ሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው። ምን እንደምል አስቀድሞ ያወቀ ሰው አጠባበቅ ነበር።

ጥያቄዎቹን ዋጥ አድርጌ ተነሣሁ። "ነጠላዬን አቀብለኝ" አልኩት። "ቀፎዎችህን እንሂድና አሳየኝ።"