ይቅርታ ፍለጋ ወደ ዳባቱ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንድ ሰው ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድኩ ስል ዋልያ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ ዋልያ አላየሁም፣ የሄድኩትም ለዚያ አልነበረም።

ሥራዬ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎችን ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ድራማዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ አወራለሁ። በድሮዎቹ ኮሜዲዎች የምንሰማው ሳቅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ተቀድቶ በመሣሪያ የሚለቀቅ መሆኑን፣ የቤተሰቡ ሳሎን ጣሪያም አራተኛ ግድግዳም እንደሌለው፣ የገናው በረዶ የሳሙና አረፋ መሆኑን እናገራለሁ። በአሁኖቹ ደግሞ ተራራው በኮምፒውተር እንደሚሠራ፣ አንዱን ክፍል ለመጻፍ አሥር ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲጨቃጨቅ እንደሚውል። አድማጮቼ ይህን ይወዱታል። እኔም ምስጢር ማውጣት እወዳለሁ፤ መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አድማጭ ደውሎ የድራማ ፍቅር ከየት እንደያዘኝ ጠየቀኝ። ከዳባት ነው አልኩት። በልጅነቴ እዚያ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ጋሽ ኑሩ ድምፁን ቀንሰው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ድራማ በየሳምንቱ ይተረጉሙልን ነበር። በወጣትነታቸው ተራራው ላይ ሳንቃ በር በሚባል ሰፈር ለፈረንጆች በቅሎ ስለነዱ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ድራማ በሥራዬ አጋጣሚ ሳየው፣ ጋሽ ኑሩ ከነገሩን አንድም ነገር በውስጡ አልነበረም። ሁሉንም ከራሳቸው ፈጥረውታል። ይህን በሬዲዮ ተናገርኩ። ስማቸውን ጠርቼ «የዳባቱ ውሸታም» አልኩና ሳቅኩ። ስቱዲዮው ሁሉ ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ጥሩወርቅ ከዳባት ደወለች። «ሰውየው ሰምተዋል» አለችኝ። «ያንን የድራማ ታሪክ በር ላይ ተቀምጠው ለጠየቃቸው ሁሉ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ‹ጋሽ ኑሩ፣ ምን ውሸት አለ ዛሬ?› እያለ የሚያልፈው በዛ። አፋቸውን ዘግተዋል። ዳባትንም ጥለው ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቀን ምግብ አልጣመኝም። ይቅር ባይሉኝ እንኳ ሄጄ ፊታቸው ልቁም ብዬ ቆረጥኩ።

ሐሙስ፣ ከጎንደር ወደ ዳባት

በአውሮፕላን ጎንደር ገባሁና ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት አንድ ኩንታል ነጭ ሽንኩርት ጭናለች፤ መኪናው ሁሉ ሽንኩርት ሸተተ። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ወርጄ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ታች ሸለቆው በጭጋግ ተሞልቷል፤ ጭላዳዎች ሣር እየነቀሉ ይበላሉ፤ ማንም መጣ ማን ግድ የላቸውም። በድሮ ድራማዎች ከመስኮት ውጭ የሚታየው ተራራ በጨርቅ ላይ የተሳለ ሥዕል መሆኑን ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። እውነተኛው ተራራ እኔ ካደግኩበት በሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ለአንድ ቀን እንኳ አንሥቼው አላውቅም። ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ እዚያው ቆየሁ፤ ስለታገሰኝ አመሰግነዋለሁ።

ዳባት ስደርስ አክስቴ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝና ሻንጣዬን ትፈትሽ ጀመር። ለጋሽ ኑሩ የገዛሁትን ወፍራም ሹራብ አወጣችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስጦታ ነው። ነገ ደባርቅ ሄጄ ሰጥቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

«ሰውን በአገር ፊት አዋርደሽ፣ ብቻሽን ጓዳ ገብተሽ በሹራብ?» ሹራቡን አጣጥፋ መለሰችው። «አዲስ አበባ እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠየቅ? ሽማግሌ ይዘሽ ነው የምትሄጂ። ድንጋይ ተሸክመሽ ነው።»

ድንጋይ መሸከሙን የማውቀው ሰው የተገደለባቸው ቤተሰቦች ሲታረቁ ነበር። ለሬዲዮ ወሬ ይህ ይበዛል አልኳት። «ስም መግደልስ?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ዳባት

አክስቴ ሽማግሌ ስታፈላልግ እኔ ቪዲዮ ቤቱን ለማየት ሄድኩ። ዛሬ የእህል መጋዘን ሆኗል። ባለመጋዘኑ ጥሩ ሰው ነው፤ «ግቢ፣ እይ፣ አቧራውን ብቻ ቻይው» አለኝ። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ የባቄላ ጆንያ ተደርድሯል። እኔና ታላቅ እህቴ አልማዝ የምንቀመጠው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበር። አልማዝ ሥራ ፍለጋ በመተማ አድርጋ ሱዳን ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻዬን እሄድ ጀመር። ከሷ ለረጅም ጊዜ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። እናቴ ስሟ ሲነሳ ከቤት ትወጣ ስለነበር በቤታችን ስለ አልማዝ አይወራም ነበር።

ከጆንያዎቹ መሐል ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ባለመጋዘኑ ሻይ አስመጣልኝ። የሻዩን ሒሳብ ልክፈል ስለው ተቆጣኝ።

ቅዳሜ፣ ወደ ደባርቅ

አክስቴ ያገኘቻቸው ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው፤ መምሬ ፈንታ፣ የደብር ቄስ፣ እና ሐጂ ይማም፣ የጨርቅ ነጋዴ። ጧት አራታችንም በሚኒባስ ተሳፈርን። የገበያ ቀን ስለሆነ ከበግና ከዶሮ ጋር ተጠጋግተን ነው የሄድነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላዬ ሆነው ስለኔ ጥፋት ይመክራሉ ብዬ ነበር፤ ለካ ስለ ድራማው ነው የሚከራከሩት።

«አባትየው እኮ በመጀመሪያ ሹም ነበር» ይላሉ ሐጂ ይማም።

«የለም፣ ከተሻረ በኋላ ነው እኛ ያየነው» ይላሉ መምሬ።

ዞሬ «መምሬ፣ እርስዎም ቪዲዮ ቤት ይገቡ ነበር?» አልኳቸው።

«ያኔ ዲያቆን ነበርኩ፣ ልጄ። በጓሮ በር ነበር የምገባ። የልጅቱ ደብዳቤ የሚነበብ ዕለትማ ከቅኔ ቤት ጠፍቼ ነው የምመጣ።»

ደብዳቤዎቹን እኔም አስታውሳለሁ። የቤተሰቡ ትልቋ ልጅ ሩቅ አገር ሄዳ በየሳምንቱ ደብዳቤ ትልክ ነበር፤ ጋሽ ኑሩ በሷ ድምፅ ያነቡልናል። በሬዲዮም አብዝቼ የሳቅኩት በዚሁ ነበር፤ በድራማው ውስጥ አንድም ደብዳቤ የለምና። ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ተዋናይቷ ከአሠሪዎቿ ጋር በውል ተጣልታ ለቀቀች፣ ጸሐፊዎቹም ገጸ ባሕሪዋን ዝም ብለው አወጧት። ከዚያ በኋላ ስሟን የሚያነሳ የለም።

«እናትየውስ?» አሉ ሐጂ ይማም።

«እናትየውም አታነሳትም።»

«ልጃቸው ከቤት ታጥታ፣ እራት ቀርቦ፣ የት ሄደች ያለ ሰው የለም?»

«የለም።»

መምሬ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህማ ቤተሰብ አይደለም። የጋሽ ኑሩ ይሻላል።» የዶሮዋ ባለቤት ሳይቀር ተስማማች።

ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ፀሐይ ወጥታም ሰው ጋቢውን አልፈታም። የጋሽ ኑሩ ልጅ ሱቅ ከገበያው አጠገብ ነው፤ ለተራራ ተጓዥና ለባለ በቅሎ ገመድ፣ ሸራ፣ የእጅ ባትሪ ትሸጣለች። አክስቴ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ መርጣ ማጅራቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትንሽ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ፣ የእጅ ቦርሳዬ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ፣ በገበያተኛው መሐል አለፍኩ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ያልሳቀብኝን የደባርቅ ገበያተኛ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጠው።

ጋሽ ኑሩ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። «ጋሽ ኑሩ፣ በድዬዎታለሁ። በአገር ፊት ስምዎን አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።

«አውርጅው» አሉ። «አንገትሽ ለሥራ ይፈለጋል።»

ድንጋዩን አክስቴ ተቀበለችኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ገበያተኞችና አላፊዎችም ከበቡን።

«እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉ ጋሽ ኑሩ። «እውነትሽን ነው። የማውቀው ለበቅሎ ጭነት የሚበቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገብቷል፣ ምን ልበል ብዬ ነው የጀመርኩት። ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ልጅቱ ከካሴቱ የጠፋች ዕለት አንቺ ከፊት አግዳሚ ላይ ተነሥተሽ ‹ሞተች እንዴ?› ብለሽ ጮኽሽ። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አይለኝም ነበር።

«እህትሽ ሱዳን መሄዷን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ወሬዋ እንደጠፋም ያውቃል። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። ‹የለም፣ ደብዳቤ ልካለች፣ ደኅና ናት› አልኩ። ተቀመጥሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ገና ሳልጀምር ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። ሌላ ደብዳቤ ጨመርኩ። ካሴቱ እስኪያልቅ እንዲያ ሆነ።»

ሐጂ ይማም «ሁላችንም እናውቅ ነበር» አሉ በቀስታ። «ላንቺ የሚነበብ መሆኑን ያላወቅሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አለቀስኩ። እጃቸውን ይዤ አመሰገንኳቸው፤ ደግሜ ደጋግሜ አመሰገንኳቸው። ከዚያ በሚቀጥለው ዝግጅቴ ያልኩትን በሙሉ ተሳስቼ ነው ብዬ እንደማነሳ ቃል ገባሁ።

«አታንሺው» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ዋሽቷል ያልሽው እውነት ነው፤ እውነት አይነሳም። ምክንያቱን ብቻ ጨምሪበት።»

መምሬ በመስቀላቸው፣ ሐጂ በዱዓቸው መረቁን። የጋሽ ኑሩ ልጅ ምስር ወጥና ማር አቀረበች፤ እስላምም ክርስቲያንም ከአንድ ትሪ እንዲበላ የዕርቅ ቀን ሥጋ አይቀርብም። እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

እሑድ፣ ወደ ቤት

በመመለሻዬ ጎንደር እህቴ አልማዝ ዘንድ አረፍኩ። ተመስገን፣ አልማዝ ከሦስት ዓመት በኋላ በደኅና ተመልሳ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስለ ደብዳቤዎቹ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«እኔ እኮ መጻፍ አልችልም ነበር» አለች። «የሚጽፍልኝም ሰው አልነበረኝም። በየሳምንቱ ግን እናንተን አስብ ነበር። ለካ የሚጽፍልኝ ሰው ዳባት ነበር።»

አዲስ አበባ ገብቼ በዚያው ሳምንት ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በዳባቱ ድራማ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የነበርኩት እኔው ነኝ፤ አሜሪካ ውስጥ አሥር ጸሐፊዎች የረሷትን ልጅ አንድ የቀድሞ በቅሎ ነጂ ለኔ ሲል አልረሳትም። ይህንኑ ተናገርኩ። ዋሽተዋል፣ የዋሹትም ለዚህ ነው አልኩ። ከዚያ ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠሁት፣ ሙዚቃ ለቀቀ።

ማታ ላይ አክስቴ ደወለች። ዝግጅቱን የጋሽ ኑሩ ልጅ ሱቁ በር ላይ ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ አሰምታለች፤ ባለ በቅሎዎቹም ገበያተኛውም ቆሞ ሰምቷል። ሲያልቅ አንድ ባለ በቅሎ «ጋሽ ኑሩ፣ ልጅቱስ በመጨረሻ ተመለሰች?» ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ኑሩ ወንበራቸውን ወደ ሰዉ አዞሩና ማውራት ጀመሩ።