ወይን ጠጅ የሚያሰምረው እርሳስ

በሸዋ ሮቢት አናጢነት የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጋዝ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አለቃዬ ጋሼ አስራት የሰጡኝ እርሳስ ነበር፤ ቀይ፣ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ። "መጋዝማ ጉልበት ያለው ሁሉ ይገፋዋል። መጀመሪያ ማስመር ልመድ" አሉኝ። እርሳስ በመሮ ስቀርጽ ዋልኩ። በጣም ተናድጄ ነበር።

እሳቸው ሥራ ሲለምዱ እርሳስ ብርቅ ነበር። ክር ከሰል ውስጥ ነክረው፣ ጣውላው ላይ ወጥረው፣ ሳብ አድርገው ይለቁታል። መስመሩ ወፍራም ስለሚሆን በየትኛው ጠርዙ ይቆረጥ እያሉ ከአለቃቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ጠፍጣፋው እርሳስ ሲመጣ ጭቅጭቁ ቀረ።

በኋላ ገበያውን የተማሪ እርሳስ ሞላው። ርካሽ ነው፤ ግን አንዴ ከወደቀ ውስጡ ይሰባበራል። ስትቀርጸው ጫፉ ይወልቃል፣ ደግመህ ስትቀርጸው ይወልቃል፣ ሳትጽፍበት ያልቃል። ጋሼ አስራት "ይኼ ለመቅረጽ እንጂ ለመጻፍ አልተሠራም" ይሉ ነበር።

እኔ የምወደው ቢሮዎች ከካርቦን ወረቀት ጋር ይጠቀሙበት የነበረውን እርሳስ ነው። ደረቅ እንጨት ላይ ግራጫ ይጽፋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከደጋ የሚወርደው ጣውላ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ የቆላው ሙቀት ሲያገኘው ይጣመማል። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት በዚህ እርሳስ እንፈትነዋለን። ችግሩ ላባችን ነው። በሮቢት ሙቀት ከግንባር ጠብ ያለች ላብ ደረቁን ጣውላ በከንቱ ታስወነጅለዋለች። የሚያሰምረው ሰው ግንባሩን በጨርቅ አስሮ፣ እጁን አድርቆ ነው የሚጠጋው።

አንድ ዓመት ዒድ ሲቃረብ እትዬ ሐሊማ የሱቅ በር አዘዙን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ተስፋቸው ያ ሱቅ ብቻ ነበር። የገዙት ጣውላ ገና ከመኪና መውረዱ ነው። ግንባሬን አስሬ አሰመርኩበት። ቆየት ብለን ስናይ መስመሩ ወይን ጠጅ ሆኗል።

"ይህ አይቆረጥም" አሉ ጋሼ አስራት።

"ወላሂ አቶ አስራት፣ እቃዬን የጫነው አይሱዙ ነገ ይገባል። ያለኝን ሁሉ ነው ያስጫንኩት። በር በሌለው ሱቅ ላራግፈው?"

"ዛሬ ብሠራልዎ ይጣመማል። ቁልፉ አልገጥምም ይላል።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?" አሉ እትዬ ሐሊማ። እንባቸው መጣ።

ጋሼ አስራት የሱቁን በራፍ ለክተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መሣሪያ ይዤ ተከተልኳቸው። የቤታቸውን የዋንዛ በር ከማጠፊያው ነቅለው መሬት ላይ አጋደሙት። ለሱቁ ቁመቱ ይረዝማል። የሚቆረጠውን አሰመሩ። መስመሩ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ከጓዳ ወጡ። "አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን በምን ልትዘጋው ነው?"

"መጋረጃ አለ። ከኛ ቤት ምን ይሰረቃል?"

"እኔስ?"

"ቢወስዱሽም ሳይነጋ ይመልሱሻል።"

እትዬ አልጋነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲበርድላቸው ግን "ከተቆረጠ እኮ ተመልሶ ለኛ አይሆንም" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉና ጋሼ አስራት መጋዙን ሰጡኝ። የሰው ቤት በር እንዲህ መቁረጥ ከበደኝ፤ ግን ቆረጥኩት።

በማግስቱ አይሱዙው ሲደርስ ሱቁ በር ነበረው። የእትዬ ሐሊማ ጣውላ በጋውን ሙሉ ጥላ ሥር ተደርድሮ ደረቀ፤ ኋላም ለጋሼ አስራት ቤት በር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ባልና ሚስቱ በመጋረጃ ኖሩ።

ለጀማሪ አናጢዎች የምለው ይኼን ነው። እርጥብ እንጨት አትቁረጡ። ሰው ከጨነቀው ደረቅ እንጨት ፈልጉለት፤ ከራሳችሁ ቤትም ቢሆን።