ዋንጌቺ አትለምንም

ዋንጌቺ ናኩሩ ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ድንች ሸጣለች። ባሏ ሞቶ ወንድሞቹ መሬቷን ሲወስዱባት እንኳ ማንንም አልለመነችም፤ አራት ልጆች ያሳደገችው በገዛ ክንዷ ነው። ልጆቿ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ዕረፊ» ብለው ዛንዚባር ደሴት ሲልኳት ግን ዕረፍት የሚባል ነገር አላየችም።

ሙቀቱ ራሱ ሰው አይወድም። ጠባቦቹ መንገዶች ሲያዞሯት ውለው መልሰው የተነሳችበት ያደርሷታል። ሻይ ቤት ገብታ «ውሃ ስጠኝ!» ስትል አስተናጋጁ እንዳልሰማ ያልፋትና ከእሷ ኋላ ለመጣው ያቀርባል። ቋንቋው ያው ስዋሂሊ ነው፤ አሳምራ ትናገረዋለች። ችግሩ፣ የደሴቷ ሰው ከፍሎ የሚጠጣውን ውሃ ሲጠይቅ እንኳ «እለምናለሁ» ማለቱ ነው። ናኩሩ ላይ እንዲህ የሚል ለማኝ ብቻ ነው። እሷ «እነዚህ ሰዎች ተኝተዋል» ትላለች። እነሱ ደግሞ «ይቺን እናት አላሳደገቻትም» ይላሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ። በአምስት ቀን ውስጥ አንድም ሰው አልወደደችም፤ አንድም ሰው አልወደዳትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደች። መርከቡ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። እሱ ካመለጣት ከባሕሩ ማዶ የሚነሳው አውሮፕላኗም ያመልጣታል፤ ነገ ደግሞ የመጨረሻ ልጇ ጥሎሽ የሚወሰንበት ቀን ነው። እናት በሌለችበት ሽማግሌዎቹ አይቀመጡም። የመጣች ዕለት ያስረከበችው ፓስፖርቷ ያለው በማረፊያ ቤቱ ባለቤት በሃሩብ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ፓስፖርቴን ስጠኝ።»

ሃሩብ ቆቡን አስተካከለ። «እማማ፣ አምስት ቀን ሙሉ ሠራተኞቼን ሲያመናጭቁ ዝም አልኩ። ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ይጠይቁኝ።»

«የገዛ ንብረቴን ልለምንህ? አብደሃል እንዴ?»

«አንድ ቃል እኮ ናት። እኔ የወለድኩትን ልጅ ውሃ አምጣልኝ ስል እንኳ እለምናለሁ እላለሁ።»

«እንግዲያው ልጅህ ንቆሃል!»

የምትጠርገው ሠራተኛ ሳቋ አመለጣት። ሃሩብ አልሳቀም፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና መቁጠሪያውን አወጣ። ዋንጌቺም ሻንጣዋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እሷም እልኸኛ፣ እሱም እልኸኛ፤ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከወደቡ የመርከቡ ጥሩምባ ተሰማ።

ልጇ ታየቻት፤ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በር በሩን ስታይ።

«እለምናለሁ» አለች ዋንጌቺ፣ ወለሉን እያየች።

ሃሩብ ወዲያው ተነሳ። ፓስፖርቱን በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ሻንጣዋንም ራሱ አነሳላት። ክፋት ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

«አዩ እማማ? አሁን ምን ጎደለብዎት?»

ዋንጌቺ ሻንጣዋን ከእጁ መነጨቀችው።

«ባሌ የሞተ ለት እንኳ ያልጎደለብኝ» አለችውና ወጣች።