ወሰኑን ነቅዬ የተሸከምሁበት ቀን

በአዲስ ቅዳም ገበያ ድምፅ ማጉያ ይዞ እንዴት እንደዳነ የሚያወራ ሰው ባየሁ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ። ድሮ እተፋ ነበር። አሁን የምውጠው እኔም ያው ስለነበርሁ ነው። ልዩነታችን እኔ ማጉያ አልነበረኝም። የነበረኝ ጉሮሮ ነው፤ እሱም ለሦስት ቀበሌ ይበቃ ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስጽፍ እጄ እንደ ደከመ በሬ ያዘግማል፤ ስለዚህ አሳምሬ ለመዋሸት አቅሙ የለኝም።

ስድሳ ዓመት ክርስቲያን ነኝ ስል ኖርሁ። ክርስትናዬ አንገቴ ላይ ማተብ፣ እሁድ የሰንበቴ ጠላ፣ በጾም ደግሞ ማን ወተት እንደጠጣ አጣርቶ ማወቅ ነበር። ይህን የመጨረሻውን እወደው ነበር። ጎረቤቶቼም ከእኔ አይሻሉም። ቄሱ ሲያስተምሩ ያንቀላፋሉ፣ ጠላው ሲቀዳ ይነቃሉ።

የታላቅ ወንድሜና የእኔ እርሻ ጎን ለጎን ነው፤ ከአባታችን የወረስነው። መካከሉ ላይ አባታችን ለወሰን የተከሉት ጥቁር ድንጋይ ነበር። አንድ ክረምት ወንድሜ ለአማቱ ለቅሶ ጥርባ የሚባል አገር ሄዶ ሰንብቶ ሲመለስ ድንጋዩ ወደ እሱ እርሻ ስድስት እርምጃ ገብቶ አገኘው። ድንጋይ እግር የለውም፤ ያስኬድሁት እኔ ነኝ። በወሰድሁት መሬት ላይም ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተከልሁ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጤፉንና ገብሱን ትቶ ለከሰል የሚሆነውን ይህን ዛፍ ይተክል ነበር። ዛፍ ደግሞ ደግ ነው፤ የማንም መሬት ላይ ይበቅላል።

ወንድሜ ሽማግሌ ሰበሰበ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ ድንጋዩ አባቴ ከተከሉት ቦታ አልተነቃነቀም ብዬ ማልሁ። ሽማግሌዎቹ አላመኑኝም። ግን መሓላ ከሰሙ በኋላ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ፤ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ወንድሜ ከእኔ ጋር ከአንድ ጽዋ ላለመጠጣት ሰንበቴውን ተወ። ሰባት ዓመት ሰላም ሳንባባል ኖርን። እኔ በዚያ መካከል ዛፉን አንዴ ቆርጬ፣ ከሰል አድርጌ፣ ዳግመኛ ተክያለሁ።

ከዚያ ጉልበቴ ተያዘና ክረምቱን ከቤት ዋልሁ። ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል፤ ድሮ ከእንጅባራ ገዝቼ ሣጥን ውስጥ የጣልሁትን ወንጌል አወጣሁ። አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ከወንድም ስለ መታረቅ የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ደከመኝ ብዬ አለፍሁት። ሌላው ገጽ ላይ ዓይኔ ደህና ነበር።

ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ዘንድ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። ጻድቅ ነኝ ስል ኖሬ ራሴን ያገኘሁት ወንበዴው ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰርቆ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት አስበኝ ብሎ ገነት ገባ። እንዲህ ያለው በር ለእኔ ቢጤም ክፍት ነው ማለት ነው። ሚስቴ ገብታ፣

“ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?” አለችኝ።

“ጭሱ ነው” አልኋት። እሳት ግን አልነደደም ነበር።

ጉልበቴ ሻል ሲለኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። የልጄ እኩያ ናቸው፤ “ልጄ” ይሉኛል፤ ይህንንም በመከራ ነው የቻልሁት። ስካሬን፣ ሐሜቴን፣ ሚስቴን የመታሁበትን ሁሉ ዘረዘርሁ። የመሬቱ ነገር ላይ ስደርስ “ሰውም በድያለሁ” ብዬ ጠቀለልሁት። ስግደት አዘዙኝ። በዚያ ጉልበቴ ሰገድሁ። ደስታው ውሸት አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። በዚያ ሰሞን ቅጠል እንኳ ሳይ ፈጣሪዬ የማረኝ መሆኑ ትዝ ይለኝ ነበር።

መጥፎው ነገር ዝም አለማለቴ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ካላዳንሁ አልሁ። ባጃጅ ውስጥ ስለ ወንበዴው ስናገር ነጂው ዞሮ፣

“አባባ፣ ደርሰናል። እየወረዱ ነው ወይስ እየሰበኩ?” አለኝ።

ከሰል የሚያከስሉ ጎበዞች ዘንድ ሄጄ፣ ጭሱን በዱላዬ እያሳየሁ ሲኦል ይህን ይመስላል አልኋቸው። አንዱ ፊቱን ጠርጎ፣ “እኛማ ለምደነዋል። ለራስዎ ይጨነቁ አባባ” አለ። ያን ጊዜ የልባቸው ድንዳኔ አሳዘነኝ። አሁን ሳስበው ልጆቹ ከእኔ የተሻለ አውቀው ነበር።

በዚህ መካከል ወንድሜ ታመመ። ልቡ ነው አሉ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ቄሱ ንስሐ ገብቶ እንዲቆርብ ለመኑት። “በልቤ ቂም አለ። ቂም ይዤ ሥጋ ወደሙ አልቀበልም፤ ቂሙንም እለቀዋለሁ ብዬ አልዋሽም” አላቸው። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። ወንድሜ ሳይቆርብ ሊሞት ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ልሰብከው ሄድሁ።

የወንድሜ ሚስት በርጩማ ሰጠችኝ እንጅ አላነጋገረችኝም። እሱ መደብ ላይ ተጋድሟል። ስለ ወንበዴው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት።

“ጋሼ፣ ጊዜው ሳያልፍ ንስሐ ግባ” አልሁት።

“ጨረስህ?”

“አልጨረስሁም።”

“ዛፎችህ ምን ያህል ደረሱ?”

ዱላዬን አነሣሁ።

“አንተ ያለህበት ገነት ለእኔ ይቅርብኝ” አለ። “እዚያም ወሰን ትገፋለህ።” ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረና በአገውኛ ሰደበኝ። ወንድሜ ከልቡ ሲናደድ አማርኛ ይጠፋዋል።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ተመልሼ አሁን ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ድንጋዩንም፣ መሓላውንም። ደግሞም ተከራከርኋቸው። ያ ወንበዴ ምንም ነገር ሳይመልስ ድኗል፤ እኔ ለምን እመልሳለሁ አልሁ።

“የእሱ እጅ በሚስማር ተይዞ ነበር” አሉኝ። “ያንተን እጅ ምን ያዘው ልጄ?”

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ደጅ ይወድቃል። ማርሁህ፣ ተነሥ እስኪባል አይነሣም። የድፎ ዳቦ ቁራጭ የምታህል ጠጠር ትከሻቸው ላይ አድርገው እንደ ምጥ የሚያቃስቱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ንቄያቸዋለሁ። እኔ እንደነሱ አላደርግም ብዬ ዶማ ይዤ ወጣሁና ያንኑ የወሰን ድንጋይ ነቀልሁት። ተሸክሜው ስሄድ ትከሻዬን ቆረጠው። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ወጥቶ ቆመ። የሰባት ዓመት ጠባችን ሲያልቅ ማየት የማይፈልግ ማን አለ።

ከደጁ ላይ በግንባሬ ወደቅሁ። ወንድሜ ሚስቱን ተደግፎ ወጣ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የወሰናችን ድንጋይ ነው ጋሼ። በሐሰት ምያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ።”

ትንፋሹን እሰማለሁ።

“ከየት ነቀልኸው?”

“ካስቀመጥሁበት።”

“አባታችን የተከሉበትስ የት ነው?”

አሁን እዚያ ሁሉም ዛፍ ነው።

“የድሮውን ጉድጓድ ደፍነህ ዛፍ ተከልህበት። የቀረችውን ምልክት ደግሞ ነቅለህ አመጣህልኝ። አሁን ያንተን መሬት ከእኔ የሚለየው ምንድን ነው?” አለ። “ጅል። ድሮም ጅል ነበርህ። ሌብነቱን እንኳ በወጉ አታውቅበትም።”

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቱ ናት። ሰባት ዓመት ፊቷን ያዞረችብኝ ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ቀጥሎ እሱ ሳቀ፣ እስኪያስለው። እኔ አፈር ላይ እንደተደፋሁ ነኝ።

“ተነሥ” አለኝ። “ድንጋዩንም ተሸከም።”

እሱ በዱላ፣ እኔ በድንጋይ፣ ዛፎቹ መካከል ገባን። በወንድሜ እርሻ ጫፍ ወንዙ ዳር ሾላ አለች። አባታችን ወሰኑን የሚለኩት ከእሷ ጀምረው በእርምጃ ነበር፤ ቁጥሩን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወንድሜ ከሾላዋ ተነሥቶ መቁጠር ጀመረ። እየቆመ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሲጨርስ ዱላውን ተከለና “እዚህ ነው” አለ።

እዚህ አልነበረም። የበሽተኛ እርምጃ ነው የረገጠው። የአባታችን አንድ እርምጃ የእሱን ሁለት ያህላል። ዝም ብል መሬቱ አሁንም ለእኔ ይቀራል፤ አሁን ደግሞ በራሱ አፍ፣ በራሱ ዱላ። ድንጋዩ ትከሻዬን እየበላው ይህን ሁሉ አሰብሁ። የዳነ ሰው እንዲህ አያስብም የሚሉ ካሉ ዋሾዎች ናቸው።

“ጋሼ፣ እርምጃህ አጥሯል” አልሁት።

ዞሮ አየኝ። “አጥሯል?”

“አጥሯል። ገና ነው፤ ወደ እኔ እለፍ።”

አለፈ። የአባታችንን እርምጃ በዓይኔ እየለካሁ በቃ እስክል ድረስ አለፈ። እዚያ ድንጋዩን ጣልሁት፣ አንዷን ቀጭን ዛፍ ነቅዬ በጉድጓዷ ተከልሁት፣ አፈሩን በእግሬ ጠቀጠቅሁት። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን ሰበሰበ።

“በል አሁን ያን ወንጌልህን ንገረኝ” አለ።

ለባጃጅ ነጂና ለከሰል አክሳይ የዘበዘብሁት ሁሉ ጠፋኝ።

“ብርድ ይመታሃል፣ እንሂድ” አልሁት።

እጁን ሰጠኝና አነሣሁት። ጥቂት እንደሄድን ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።

“እሁድ ለቅዳሴ መጥተህ ውሰደኝ” አለ። “ባጃጁ ውስጥ ግን አፍህን ዝጋ።”