ቲቮሊ የዋልኩበት ቀን

የካልጋሪ በጋ አጭር ነው። ቢሆንም ፀሐይ ላይ የዋለች መኪናዬን ስከፍት የጋለው የወንበር ሽታ ይቀበለኛል። ያን ጊዜ ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ሮም፣ የጋሼ ተስፉ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ውስጥ።

የካናዳ ፕሮሰሳችን እስኪያልቅ ከአባዬ ጋር ሮም እንኖር ነበር። እማዬ ስላመማት አዲስ አበባ ቀርታለች፤ ሲሻላት ትከተለናለች ተብያለሁ። አንድ ጠዋት አባዬ ዛሬ ከትምህርት ቤት ቅሪ አለኝ። ጎረቤታችን ጋሼ ተስፉ «ተነሽ፣ የጥንት ንጉሥ ግቢ አሳይሻለሁ» ብለው ከሮም ወጣ ብላ ወዳለችው ቲቮሊ ወሰዱኝ።

የፈራረሰውን ግቢ እየሮጥኩ ዞርኩት። ቀጥለን በገባንበት የአትክልት ቦታ ከድንጋይ ፊቶች አፍ በሚፈሰው ውሃ ቀሚሴ ቢርስም የተቆጣኝ የለም። አይስክሬም ስል አይስክሬም፣ ድገሙኝ ስል ተደገመልኝ። ሌላ ጊዜ «ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚሉት ሰውዬ ያን ቀን እምቢ ማለት አቃታቸው።

«ጋሼ፣ እማዬ ስትመጣ እሷንም ያመጧታል አይደል?» አልኳቸው።

«እንዴታ! አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ማታ ስንመለስ ቤታችን የጎረቤት ወንበር ሞልቶታል፤ አባዬም ጥቁር ለብሷል። እንግዶች ነበሩ አለኝ። ስለ ፏፏቴው እያወራሁለት ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በልጅነቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን አላስታውስም።

መርዶው የተነገረኝ ካልጋሪ ከገባን በኋላ ነው፣ በማለዳ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ካስልሪጅ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ሞልተውት። መንገድ ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም፣ እስክትረጋጊ ብለን ነው አሉኝ። መቼ ሞተች ብዬ ስጮህ አባዬ አንገቱን ደፍቶ «ሐዘን የተቀመጥነው ቲቮሊ የሄድሽ ቀን ነው» አለኝ። ከሮም እስከ ካልጋሪ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቴ ሲለቀስ እኔ ውሃ እየተራጨሁ ስስቅ ውያለሁ። ከዳችሁኝ እያልኩ ስወቅሰው አባዬ ዛሬም መልሱ አንድ ነው፤ «ደስ ብሎሽ ነበር እኮ ልጄ!» እውነቱን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ያኔ «መኪና ውስጥ ግቢ» ስባል ወዴት ብዬም አልጠይቅም ነበር። አሁን ባሌ «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ልጆቹን ይዘን ኦኮቶክስ ከተማ ድረስ ድራይቭ እናድርግ» ሲለኝ፣ እሱ ቀልድ ይመስለዋል እንጂ፣ ጫማዬን ከማድረጌ በፊት ዓይን ዓይኑን እያየሁ እጠይቀዋለሁ፤

«ማን ሞተ?»