የኤክስካቫተሩ ሰላምታ

ፀጉር አስተካካያችን ምላጭ ይዞ የሚያወራ ሰው ነው። ወሬው ደግሞ አንድ ነው፤ ኤክስካቫተር። አውራ ጎዳናው ወደ ሰፈራችን መጠጋት ከጀመረ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለዚያ ቢጫ ማሽን ጆሮው እስኪደነቁር ሳይሰማ አይነሳም። አንድ ቀን የእኔን ግማሽ ፂም ላጭቶ "ሞተሩ ተነሳ" ብሎ እብስ አለ። ግማሽ ፂሜን ይዤ ተከተልኩት፤ ምን ላድርግ?

የግንባታው አጥር ሥር ቢጤዎቹ ተሰልፈዋል። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ በር ሠሪው አለ፣ ሥራ ፈቱም አለ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። ሙሉ ሰው አፈር ሲዛቅ አፉን ከፍቶ ይውላል? ግን ልዋሽ አልችልም፣ ማሽኑ ያፈዛል። ክንዱን ሲዘረጋ ፎቅ ያክላል፤ ጥርሳሙ አካፋ አለቱን እንደ ዳቦ ይገምሰዋል።

ኦፕሬተሩም ልማድ ነበረው። ማታ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት አካፋውን ወደ ተመልካቾቹ ያዞርና ሁለቴ ዝቅ ከፍ ያደርገዋል። ሰላምታ መሆኑ ነው። እነሱም እጃቸውን ያነሳሉ፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚያነሳው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከዚያ ፊቱ በርቶ ቤቱ ይገባል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትቀልድበት "ኢንጂነሩ" ትለዋለች። ቤታቸው ከፊት የእሱ ሱቅ፣ ቀጥሎ የእሷ የስፌት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ እናቷ የተኙባት ጠባብ ክፍል ነው። እናትየው ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል። በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ሲያዩ ይውላሉ።

አንድ ጠዋት ቀያሾች መጥተው የሱቁ ደጃፍ ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። መንገዱ በዚህ ያልፋል፣ ምትክ ቤት የሚፈልግ እስከ ወሩ መጨረሻ ይመዝገብ ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጠ። ሚስትየውም ልትሄድ ጫማዋን ስታጠልቅ እሱ ሳቀባት።

"ችካል ማንም ይተክላል፤ ይነቅላልም" አላት። "ማሽኑን እይው እንጂ። ክንዱ የዞረው ወደ ኮረብታው ነው። መንገዱ በኮረብታው ነው የሚሄደው፤ እኔን እመኚኝ።"

እውነትም ኤክስካቫተሩ ያን ሰሞን ኮረብታውን ሲንድ ነበር። ሚስትየው ልቧ አልተጠራጠረም ማለት አይቻልም። ግን ባሏ ነው፤ ከዚያ ማሽን ላይ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም። ጫማዋን አውልቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ምዝገባው ካበቃ በኋላ ማሽኑ ሰንሰለቱን እያንቋቋ ከኮረብታው ወረደ። ለካ ኮረብታው መንገድ አልነበረም፤ ለመንገዱ የሚሞላው አፈር የሚወጣበት ቦታ ነበር። ይህን የነገረው የግንባታው ጥበቃ ነው፣ ያውም እንደ ዋዛ።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ምዝገባው ቢሮ ሮጠ፤ ቤቶቹ ተከፋፍለው አልቀዋል አሉት። ለመነ፣ ደጅ ጠና፣ የሚሰማው አጣ። የኪራይ ክፍል ቢፈልግ ቀድሞ የተነሳው ተከራይ ይዞታል፤ የተገኘችውም በሽተኛ አንቀበልም ባዮች ቤት ናት። ሚስቱ አልጮኸችበትም። ብትሰድበው በተሻለው። አንዴ ብቻ፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ ጠየቀችው።

"እማዬን የት ላድርጋት?"

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ እያለ እንኳ መቀሱን ይዞ ይፈዝ ጀመር፤ ወሬው ጠፋ። እኔም ያ የሰለቸኝ ወሬ ናፈቀኝ።

በሚፈርስበት ቀን ተጋግዘን እናትየውን ከነፍራሻቸው አወጣናቸውና መንገድ ዳር፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስተኛናቸው። ለጊዜው ብዬ የዕቃ ክፍሌን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ግን አልጋ አታስገባም፣ ሦስት ሰው ደግሞ ጭራሽ። ሚስትየው ደንበኛ አንገት ላይ የሚታሰረውን ነጭ ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ እናቷን ከፀሐይ ከለለች። እሱ የሱቁን መስታወት ታቅፎ ቆሟል።

ኤክስካቫተሩ ጥጉን ዞሮ መጣ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው ወደ አማቻቸው ዞሩ።

"ልጄ፣ ያ የምትወደው ይሄ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ትልቅ ነው" አሉ።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመና የተሰበሰበውን ሰው ቃኘ። ፀጉር አስተካካዩን ሲያይ ፈገግ አለ። ቤቱ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው አጥር ሥር የሚቆመውን ወዳጁን ብቻ ነው። የማሽኑን ክንድ ወደ እኛ አዞረና አካፋውን ሁለቴ ዝቅ ከፍ አደረገው።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ ተነሳ። ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ፣ መስታወቱን በሌላው ክንዱ እንዳቀፈ። ሚስቱ ከነጩ ጨርቅ በላይ ቀና ብላ አየችው። እሱም ማየቷን አየ፤ እጁን ግን ማውረድ አቃተው።

ኦፕሬተሩ አጸፋውን ከተቀበለ በኋላ አካፋውን ወደ ሱቁ ጣሪያ አዞረ።